የሸዋንግዛው መጋዘን የደረጃ ምስክር

ሳጅን ቤካ የሁመድን ክንድ ከክርኑ በላይ ይዞ በጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጠባብ መንገድ ይራመዳል። አይጎትተውም፤ ግን አይለቀውም። ሁመድ ምድጃ ሲቀጠቅጥበት የነበረውን መዶሻ ሳያስቀምጥ ነበር ከሥራው የተነሣው። መዶሻው አሁንም በቀኝ እጁ ተንጠልጥሏል። መንገድ ዳር ያሉት በር ሠሪዎች ብየዳቸውን አቁመው አዩት።

ቀኑ ሐሙስ፣ ግንቦት ሰባት ቀን ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር። የልደታ በዓል ካለፈ ሳምንት አልሞላውም። በየደጃፉ የተጎዘጎዘው ቄጤማ ደርቆ መንገድ ዳር ተከምሯል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቢሆንም ፀሐዩ ጀርባ ያቃጥላል።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ደረሱ። ወደ ላይ ከታጠፉ ፍርድ ቤቱ ነው፤ ወደ ታች ከታጠፉ ፖሊስ ጣቢያው። ሳጅኑ ወደ ላይም ወደ ታችም አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ወደ ባለመጋዘኑ ወደ ሸዋንግዛው ግቢ ሄደ። ሁመድ ከሁለቱም የከፋው ይህኛው መሆኑን ዐወቀ።

"ሳጅን፣ ምን አድርጌ ነው?" አለ ሁመድ።

"እሱንማ አንተ ታውቃለህ እንጂ እኔ ምን ዐውቄ።" ሳጅኑ የሁመድን ፊት አይቶ ሳቀ። "አይዞህ፣ ቀልዴን ነው። መጋዘን ልንፈትሽ ነው፤ ከሰፈሩ ሁለት የደረጃ ምስክር ያስፈልገናል። ቆመህ ታያለህ፣ ያየኸውን ትፈርማለህ፣ ወደ ምድጃህ ትመለሳለህ። ይህን መዶሻ ግን ምን ልታደርገው ነው? ልትመታኝ ነው?"

ሁመድ መዶሻውን ቀበቶው ውስጥ ሻጠው። "እኔን ማን መረጠኝ?"

"ባለቤቱ ራሱ። 'ጨዋ ልጅ ነው፣ በሰው ነገር አይገባም' አለ።"

ከግቢው በር ላይ ነጭ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ቆሟል። ሸዋንግዛው ከመጋዘኑ ደጃፍ ግራጫ ኮቱን እንደለበሰ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ይጠብቃል። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ የሰፈሩ ዕድር ሰብሳቢ፤ ሠርግና ለቅሶ ያለ እሱ የማይጀመር። ሁመድ ከወሎ መጥቶ በዚህ ሰፈር ሲቀመጥ መታወቂያ ያወጣው በእሱ ዋስትና ነበር። መንገድ ዳር ምድጃ የሚሠራባት ጠባብ ጥግም የሱ ናት።

"መጣህ ሁመድ?" አለ ሸዋንግዛው ለስለስ ብሎ። "አትፍራ። መንግሥት ሥራውን ይሥራ።"

"እሺ ጋሼ።"

ሁለተኛዋ ምስክር ቀድመው ደርሰዋል። እትዬ ሠርካዲስ በልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍና ሻማ የሚሸጡ፣ ባለ ምላስ አሮጊት ናቸው። የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ከተቆጣጣሪዋ ጋር ይነጋገራሉ።

"እኔን የጠራችሁኝ ዐይኔ ደህና መስሏችሁ ነው? ጧፉን እንኳ በእጄ ዳብሼ ነው የምለየው።"

"መነጽር ካለዎት ያድርጉት እትዬ" አለች ተቆጣጣሪዋ።

"አለኝ። ግን የሚያየው እሱ ነው፤ እኔ አይደለሁም።"

ተቆጣጣሪዋ ወይዘሪት መቅዲ ትባላለች። የምግብ ቁጥጥር ቡድኑ መሪ ናት፤ ነጭ ጋውን ለብሳለች፣ የእጅ ጓንት አጥልቃለች፣ አንገቷ ላይ መታወቂያዋ ይወዛወዛል። ብዙ አትስቅም። የፍተሻ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አነበበች። በሦስት ክፍለ ከተሞች፣ በአምስት ሱቆች፣ አንድ የምርት ቁጥር ያለባቸው የሕፃናት ወተት ጣሳዎች ተገኝተዋል። ቁጥሩ የትክክለኛ ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው ግን በዚያ ቁጥር ይህን ያህል ዕቃ አልላክሁም ይላል። አንዱ ባለሱቅ ዕቃውን ከዚህ መጋዘን እንዳመጣ ተናግሯል።

"ሰው ሲጨንቀው የማያወራው የለም" አለ ሸዋንግዛው፤ ቁልፉንም ራሱ አውጥቶ በሩን ከፈተ።

ሁመድ ወደ ውስጥ ገባ። ከሦስት ሳምንት በፊት በዚህ ክፍል ውስጥ ከግራ በኩል ጆንያዎች ነበሩ፤ በመሐል ትልቅ የፕላስቲክ ገንዳ፤ በቀኝ በኩል በእጅ የሚዞረው የጣሳ መዝጊያ ማሽን። ከማሽኑ ጀርባ ደግሞ እሱ ራሱ። አሁን ጆንያም፣ ገንዳም፣ ማሽንም የለም። ወለሉ ታጥቧል። ከግድግዳው ሥር በካርቶን የተደረደሩ ጣሳዎች ብቻ ቀርተዋል። ማሽኑን ሸዋንግዛው ከትናንት በስቲያ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሲያስጭን አይቶ ነበር፤ የት እንደሚሄድ አልጠየቀም።

የመዝጋቱን ሥራ የጀመረው ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው። "ፋብሪካው ማሽኑ ተበላሽቶበት በውል ሰጥቶኝ ነው፤ አንተ እጅህ ደህና ስለሆነ ታግዘኛለህ" ብሎት ነበር ሸዋንግዛው። ጣሳዎቹ አዲስ ናቸው፤ ሥዕላቸው ያበራል፤ ከላይ በብርማ ወረቀት ታሽገዋል፣ ከታች ክፍት ናቸው። ሁመድ የተሞላውን ጣሳ ገልብጦ ክዳን ያደርግበታል፣ ማሽኑን ያዞራል፣ ጠርዙ ይታጠፋል። የሚዘጋው ነገር ምን እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት አላየም። በሁለተኛው ሳምንት የሩዝ ዱቄት ጆንያ አየ። በሦስተኛው ሳምንት ጀሶ አየ። ጀሶው ለግድግዳ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። በማግስቱ ግን ጀሶው ገንዳው ውስጥ ሲፈስ ከበሩ ሥር ቆሞ ተመለከተ። ያን ቀንም ሠላሳ ጣሳ ዘጋ።

መቅዲ ከላይኛው ካርቶን አንድ ጣሳ አነሣች። ሥዕሉን መረመረች፣ ጽሑፉን አነበበች፣ ቀኑን በስልኳ ፎቶ አነሣች። ከዚያ ጣሳውን ገለበጠችው።

ሁመድ ያን ጊዜ ነው ያየው።

ከታች፣ ጠርዙ ከታጠፈበት ጎን፣ ሦስት ነጥቦች ነበሩ። ከምስር ፍሬ ያነሱ፣ በመሥመር የቆሙ፣ በምስማር ጫፍ በቀስታ የተመቱ።

ሙያውን ያስተማሩት አባ ሙከሚል የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። በቆርቆሮ ሠሪዎች ዘንድ እያንዳንዱ ሠሪ ምልክት አለው። ማንቆርቆሪያም ሠራ ምድጃ፣ ሲጨርስ ከሥሩ ምልክቱን ይመታበታል። ዕቃው ካፈሰሰ ገዢው ይዞት ይመጣል፣ ሠሪውም ያለ ጭቅጭቅ ያድሰዋል። "ምልክት ያላደረግህበትን አትሽጥ" ይሉ ነበር አባ ሙከሚል። ሁመድ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያለ ምልክት ከእጁ ያወጣው ነገር የለም። ጣሳዎቹንም ከማሽኑ እያወጣ፣ ሳያስበው፣ እጁ በለመደው መንገድ ምስማሩን አንሥቶ ሦስት ጊዜ መትቶባቸዋል። ሁሉንም። ስምንት መቶ ይሆናሉ፤ ከዚያም ይበልጡ ይሆናል።

መቅዲ አውራ ጣቷን በነጥቦቹ ላይ አሳለፈች። ጣቷ አልቆመም። የፋብሪካ ምልክት መስሏት ይሁን ወይም ጓንቱ ከልክሏት፣ ጣሳውን ወደ ቦታው መለሰችው።

ሁመድ ቀና ሲል፣ ሸዋንግዛው የሚያየው ጣሳውን ሳይሆን እሱን ነበር።

"የመጣበት ሰነድ ይኸው" አለ ሸዋንግዛው ፊቱን ወደ መቅዲ መልሶ። ወረቀቶቹን በፕላስቲክ ከረጢት አዘጋጅቷቸዋል። "ማኅተሙንም ፊርማውንም ይመልከቱት።"

መቅዲ አንዱን ጣሳ ከፈተች። ብርማው ወረቀት እንደ ትክክለኛው ተላጠ። ዱቄቱን አሸተተች፣ በጣቷ አሸችው። "ትንሽ ይከብዳል" አለች ለራሷ። ከዚያ ሦስት ጣሳ ለናሙና ለይታ በከረጢት አሰረች። "መጋዘኑ ይታሸጋል። ላቦራቶሪው እስኪለየው ዐሥራ አምስት ቀን ይፈጃል።"

"እኔ ምን ቸገረኝ፣ ሃያ ቀን ይሁን።"

እትዬ ሠርካዲስ ከሣጥኑ ላይ ተነሥተው አንዱን ጣሳ ወደ ዐይናቸው አስጠጉ። "ይህቺማ የኛ ቤት አለች። የልጅ ልጄ የሚጠጣት ናት። እናቱ፣ ልጄ ናዝሬት፣ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ ነው የምትውል፤ ጡቷም እንቢ አለ። ቃለሕይወት አምስት ወሩ ነው፤ የሚያድገው በዚህች ነው።" ጣሳውን መልሰው አኖሩት። "የሚያድገው ልበል እንጂ፣ ሲያስመልሰው አራት ቀኑ ነው። ጤና ጣቢያ ውኃውን አፍልተው ይስጡት አሉኝ።"

መቅዲ ዞረች። "ከየት ነው የገዙት?"

"ከመድኃኒት ቤት ነው እንጂ ከመንገድ መሰለሽ? በደረሰኝ።"

"ከመድኃኒት ቤት ከሆነ ትክክለኛው ሊሆን ይችላል። እሱም ገበያ ላይ አለ። ችግሩ..." መቅዲ ደክሟት ግንባሯን በክንዷ ጠረገች። "ችግሩ እትዬ፣ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የምለይበት ነገር በእጄ የለም። ሥዕሉ አንድ ነው፣ ቁጥሩ አንድ ነው። ጣሳውን ይዘው ነገ ቢሮ ይምጡ። እስከዚያ ባይሰጡት ጥሩ ነው።"

"ታዲያ ምን ልስጠው? ጧፍ?"

ሳጅን ቤካ ሊስቅ ብሎ ተወው።

ሁመድ የሚለይበት ነገር አለ ብሎ መናገር ነበረበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ግን ከዓረፍተ ነገሩ ጀርባ የሳጅኑ ካቴና ይታየዋል፤ ከካቴናው ጀርባ ደግሞ በደሴ አውቶቡስ ተሳፍራ በእስር ቤት በር ላይ የምትቆም እናቱ። ሸዋንግዛው አጠገቡ ቆሟል። የኮቱ እጅጌ የሁመድን ክንድ ይነካል።

"ፈርም" አለችው መቅዲ።

ፈረመ። እትዬ ሠርካዲስም መነጽራቸውን አድርገው ፈረሙ። ሸዋንግዛው ሁመድን ወደ በሩ ሸኝቶ ጆሮው ሥር "ጎበዝ። ማታ እንገናኝ" አለው።

መቅዲ የእሽግ ወረቀቱን ለማዘጋጀት ወደ መኪናው ስትሄድ እትዬ ሠርካዲስ የሁመድን ትከሻ ያዙ። "አንተ ልጅ፣ ቦዩን አሻግረኝ። ጎረቤቴ ሳሚያ ሕፃኑን ይዛልኝ ነው የወጣሁት፤ የሚበላበት ሰዓት ደርሷል።"

"እያስመለሰው... ይሰጡታል እማማ?"

"የኔ የመድኃኒት ቤት ነው አልኩህ እኮ። አልቅሶ ከሚሞት ያስመልሰው።"

ቤታቸው ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ይርቃል። ሁመድ ያን መንገድ ሲሄድ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሳቸው ጣሳ ንጹሕ እንዲሆን። ከሥሩ ለስላሳ ሆኖ ካገኘው ምንም ሳይናገር ይመለሳል። ስለ ሌሎቹ ነገ ያስባል። እትዬ ሠርካዲስ ስለ በዓሉ፣ ስለ ጧፍ መወደድ፣ ስለ ናዝሬት አለቃ ያወራሉ። እሱ ከንፈሩን ብቻ እያነቃነቀ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ይላል።

በሩ ክፍት ነበር። ጎረቤታቸው ሳሚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሕፃኑን ታቅፋለች። ጡጦው አፉ ውስጥ ነው።

"አላስችል ሲለው ጀመርኩለት" አለች ሳሚያ። "ግማሹን ጠጥቷል።"

ጣሳው ጠረጴዛው ላይ፣ ከፔርሙሱ አጠገብ ነበር። ሁመድ ሳይጠይቅ አነሣው። ገልብጦ ማየት አላስፈለገውም፤ ከዐይኑ በፊት ጣቱ አገኘው። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሦስተኛው ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፤ ምስማሩ የደነዘበት ቀን የመታው ነው።

ጣሳው ከእጁ ወደቀ። ወደ አልጋው ሄዶ ጡጦውን ከሕፃኑ አፍ ነጠቀው።

ሕፃኑ አለቀሰ። ሳሚያ ወደ ኋላ ሸሸች። እትዬ ሠርካዲስ የሚያደርጉት ጠፋቸው። "ምን ነካህ? ሁመድ፣ ምን ሆነሃል?"

"አይስጡት። ከንግዲህ አይስጡት እማማ።"

"ለምን?"

"እኔ ነኝ የዘጋሁት። እሱ ላይ ያለው የኔ እጅ ነው።" ጣሳውን ከወለሉ አንሥቶ ሥሩን አሳያቸው። ጣቱን ነጥቦቹ ላይ አሳረፈ። "መድኃኒት ቤቱም ከሸዋንግዛው ነው ያመጣው። ውስጡ የሩዝ ዱቄት ነው። ጀሶም አለበት።"

እትዬ ሠርካዲስ ነጥቦቹን አላዩም። የሚያዩት ፊቱን ነበር። ቀስ ብለው ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ።

"ትናንት በደጄ ስታልፍ 'ቃሌ ተሻለው ወይ' ብለኸኛል።"

ሁመድ ጣሳውን ደረቱ ላይ አስጠጋ።

"ከትናንት ወዲያም ጠይቀኸኛል። እኔ ደግሞ 'ይህ ልጅ እንዴት ያለ ደግ ነው' ብዬ ለናዝሬት ነገርኳት።"

ሕፃኑ በሳሚያ ትከሻ ላይ የጠጣውን መለሰው። ነጭ ነበር፤ እንደ ውኃ ቀጭን አልነበረም። እትዬ ሠርካዲስ ያንን ሲያዩ ተነሡ። ነጠላቸውን ጠበቅ አደረጉ፣ ሕፃኑን ተቀበሉ፣ በሩን አልፈው ወጡ። በዚያ ዕድሜያቸው እንዲያ መሮጥ እንደሚችሉ ሁመድ አያውቅም ነበር። ቦዩን ማንም ሳያሻግራቸው ተሻገሩት። እሱ ጣሳውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ከኋላቸው ሮጠ።

ፒክአፑ አልሄደም። መቅዲ በመጋዘኑ በር ላይ የእሽጉን ወረቀት እየለጠፈች ነው። ሳጅኑ ከሸዋንግዛው ጋር ቆሞ ይጫወታል። ሸዋንግዛው ሁመድን ከነጣሳው ሲያየው ጨዋታውን አቆመ።

ሁመድ ዕድሜውን ሙሉ ከሦስት ሰው በላይ በተሰበሰበበት ተናግሮ አያውቅም። አሁን በሩ ላይ ሰፈሩ ተሰብስቧል። አንገቱን ደፍቶ መሬቱን እያየ ተናገረ። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ገንዳው፣ ስለ ሦስቱ ነጥቦች። መቅዲ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ከረጢቱን ከፍታ ሦስቱን ናሙናዎች አንድ በአንድ ገለበጠች። ጓንቷን አወለቀች። ባዶ ጣቷን በሦስቱም ላይ አሳለፈች።

"ሁሉም ላይ አለ" አለች።

"ልጁ ሰሞኑን ጤና የለውም" አለ ሸዋንግዛው፤ ድምፁ አልተለወጠም። "እንደ ልጄ ነው የያዝኩት፤ ተጨንቆ ነው። ደግሞስ ምልክቱ የሱ ነው ካለ ወንጀሉም የሱ ነው ማለት ነው። የኔ ምልክት የት አለ?"

ያ እውነት ነበር። ሁመድን ከሁሉ ያስፈራው ያ ነበር።

ሳጅን ቤካ ካቴናውን ከወገቡ አወጣ። ከእንግዲህ አይቀልድም። "አንድ ብቻ ነው የያዝኩት" አለ፤ የሁመድን ግራ እጅ ከሸዋንግዛው ቀኝ እጅ ጋር አሰረው። "ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ጣቢያ ድረስ ነው። እዚያ ያስረዳሉ።"

"ጣቢያው ይቆይ" አሉ እትዬ ሠርካዲስ። ሕፃኑን ከፍ አድርገው አሳዩት። ጭንቅላቱ ክንዳቸው ላይ ተዝለፍልፏል። "መጀመሪያ ይህ።"

መቅዲ ሕፃኑን አይታ የመኪናውን በር ከፈተች። "ወደ ሆስፒታል" አለችው ሾፌሩን።

ፒክአፑ ጥሩምባ እየነፋ ከጠመንጃ ያዥ ወጣ። ከባቡሩ ድልድይ ሥር ሚኒባሶች ተጠላልፈው መንገዱን ዘግተውታል። ረዳቶቹ በመስኮት ወጥተው ይጠራሉ፤ የሚሰማ የለም። ፊት ለፊት እትዬ ሠርካዲስ ሕፃኑን ታቅፈው "ቃሌ፣ ቃሌ" ይላሉ። ሕፃኑ አያለቅስም። ሁመድ ከኋላ በሸዋንግዛውና በሳጅኑ መካከል ተጣብቋል። ሕፃኑ ቢያለቅስ ምን ነበረበት ይላል በልቡ።

ሸዋንግዛው በታሰረው እጁ የሁመድን ጣቶች ያዘ፤ ላየው የሚያጽናናው ይመስላል።

"ስማኝ" አለ በጣም ዝቅ ብሎ። "እዚያ ስትደርስ የምታውቀው ስለ መዝጋት ብቻ ነው። ስለ ውስጡ አታውቅም። እንዲያ ካልክ ላንተም ይቀልልሃል። ውስጡን ዐውቀህ ዘጋህ ከተባልክ ግን ዕድሜህን እዚያው ትጨርሳለህ። ወጣት ነህ።"

ሁመድ እጁን ሊያስለቅቅ ሞከረ፤ ካቴናው አላስቻለውም። የሸዋንግዛው መዳፍ በላብ ረጥቧል። እሱም ፈርቷል፤ ሁመድ ይህን ሲያውቅ ምንም አልቀለለውም።

በሆስፒታሉ የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል አንዲት ቀጭን ወጣት ሐኪም ሕፃኑን ተቀበለች። ዐይኑን ገለጠች፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀች። ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም። ነርሷ መርፌ ስታዘጋጅ ሐኪሟ ወደ ኋላዋ ሳትዞር ጠየቀች።

"ምን ጠጥቶ ነው?"

"የሐሰት ወተት" አለች መቅዲ።

"የሐሰት ማለት ምን ማለት ነው? ውስጡ ምን አለ? ያንን ካላወቅሁ በግምት ነው የማክመው።"

መቅዲ ወደ በሩ ተመለከተች። ሳጅን ቤካ ተረዳት፤ ካቴናውን ከሁመድ እጅ ፈትቶ ሸዋንግዛውን ከብረት አግዳሚው ጋር አሰረው። ሁመድ ወደ ውስጥ ገባ። ከኋላው ሸዋንግዛው አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አንተ ታውቃለህ?" አለችው ሐኪሟ።

ከሸዋንግዛው ቃል በኋላ ይህ ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ነበር። ሁመድ የእጁን አንጓ ዳበሰ፤ ብረቱ ቀይ መሥመር ትቶበታል። እትዬ ሠርካዲስ የሕፃኑን እግር ይዘው ቆመዋል፤ ወደ እሱ አላዩም።

"አውቃለሁ" አለ። "ቆሜ አይቻለሁ። ሁለት ጆንያ የሩዝ ዱቄት፣ አንድ ጆንያ የወተት ዱቄት፤ ጆንያው ላይ ያለው ቀን ያለፈበት ነው። ስኳር። ከላይ ጀሶ።"

"ጀሶው ምን ያህል?"

"በትንሿ ባልዲ አንድ ተኩል። ካየሁ በኋላም ዘግቻለሁ።"

ሐኪሟ ያለውን ሁሉ ጻፈች። "ካየሁ በኋላ" ያለውን መጻፏን ሁመድ አላየም፤ ከበሩ የቆመው ሳጅን ግን ማስታወሻውን አውጥቶ ሲጽፍ አይቶታል።

"የሩዝ ዱቄት ብቻ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር የማደርገው" አለች ሐኪሟ ለነርሷ፤ የመድኃኒቱን ስምም ነገረቻት። ሕፃኑ መርፌው ሲገባ ጮኸ። እትዬ ሠርካዲስ ድምፁን ሲሰሙ ትከሻቸው ወረደ።

ከዚያ ሐኪሟ ለመቅዲ "አንድ ጊዜ ይምጡ" ብላ ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻት። ሁመድም ሳጅኑ ክንዱን ይዞት ተከተለ።

በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ረጅም አግዳሚ ነበር። በአግዳሚው ላይ እናቶች ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ በዘንቢላቸው፣ አንዳንዶቹ በእጃቸው ጣሳ ይዘዋል። ሥዕሉ አንድ ነው።

"ከሰኞ ጀምሮ ነው" አለች ሐኪሟ። "የሚጠጣውን ይዛችሁ ኑ ብያቸው ነበር። የትኛው ደህና እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም።"

መቅዲ ሁመድን አየችው። ወደ አግዳሚው ጠቆመችው።

የመጀመሪያዋ እናት ጣሳዋን ሰጠችው። ማን እንደሆነ አታውቅም፤ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችው። ገለበጠው። ነጥቦቹ አሉ። "ይሄ ነው" አለ፤ ሐኪሟ ጣሳውን ተቀብላ ሕፃኑን ወደ ውስጥ አስገባች። የሁለተኛዋ ለስላሳ ነበር። ጠርዙን ሁለት ጊዜ ዞረው። "የርስዎ ደህና ነው" ሲላት ሴትዮዋ አንገቱን ልታቅፍ ተነሣች፤ ወደ ኋላ ሸሸ።

ሦስተኛዋ ገና ልጅ ናት፤ ሃያ ዓመት አይሞላትም። ሁመድ እጁን ሲዘረጋ ጣሳዋን በነጠላዋ ሸፈነችው።

"ይቅርብኝ" አለች። "እኔ ነኝ በእጄ የሰጠሁት። ማወቅ አልፈልግም።"

ሁመድ እጁን መለሰ። እሱም ማወቅ አይፈልግም ነበር። እግሩ ወደ በሩ ሊወስደው ቃጣ፤ የሳጅኑ ካቴና ከዚህ አግዳሚ ይልቅ ቀለለው።

እትዬ ሠርካዲስ ከክፍሉ ወጥተዋል። ከቤታቸው ከወጡ ጀምሮ አላናገሩትም፤ አሁንም አላናገሩትም። ልጅቷ አጠገብ ተቀመጡ፣ ነጠላውን ቀስ ብለው ገለጡ።

"ስጪው ልጄ" አሉ። "የሠራው እሱ ነው። ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።"

ልጅቷ ጣሳውን ለቀቀች። እትዬ ሠርካዲስ ተቀብለው በሁመድ መዳፍ ላይ አኖሩት። ገለበጠው፤ ጣቱን በጠርዙ ላይ አሳለፈ። ልጅቷ ፊቱን ታየዋለች።

"አለበት" አለ።

ከእሷ በኋላ ገና ስድስት እናቶች ነበሩ። አራተኛዋ ጣሳዋን ዘርግታ ቆማለች።